የክርክር ክበባችን የሥልጠና ፕሮፖዛል ዓርብ ለዲን ቢሮ ይገባል፤ አስተያየት ያላችሁ አሁን ስጡ

ጸሐፊ፦ ረቂቁን ሁላችሁም አይታችኋል። የጠየቅነው 38,000 ብር ነው፤ ለዳኞች ትራንስፖርት፣ ለፎቶ ኮፒ፣ ለመቅረጫና ለትራይፖድ፣ ለደወል። አምና በውድድሩ የመጨረሻ ራውንድ (ዙር) የደረሰብንን እዚህ መድገም አያስፈልግም። ዘንድሮ እንዲያ ሆነን መመለስ የለብንም።

4ኛ ዓመት ሕግ፦ ሐሳቡን ያመጣሁት እኔ ስለሆንኩ ዋናው ነገር እንዳይጠፋ ልናገር። ማክሰኞና ሐሙስ እንገናኛለን፣ ሁልጊዜ አዲስ ሞሽን (የመከራከሪያ ርዕስ) ይወጣል፣ እንከራከራለን፣ ዳኛው ሁለት ደቂቃ ተናግሮ እንበተናለን። በሚቀጥለው አዲስ ሞሽን፣ ያው ስህተት። የምለው ማክሰኞ የተናገርነውን ሐሙስ በዚያው ሞሽን፣ በዚያው ወገን፣ ፊድባኩን ይዘን ደግመን እንናገረው ነው።

ያለፈውን ማክሰኞ ቅጂ ቁጭ ብዬ ሰማሁት። ሞሽኑ «ይህ ምክር ቤት የዩኒቨርሲቲ ወጪ መጋራትን ያስቀራል» የሚል ነበር፣ ተናጋሪው እኔ ነኝ። «የድሃ ልጅ ይጎዳል» አራት ጊዜ ብያለሁ። እንዴት እንደሚጎዳ አንድም ጊዜ አላልኩም። ክፍያው ከተመረቀ በኋላ ከደመወዙ የሚቆረጥ ከሆነ ገና ሲመዘገብ ምን ያስፈራዋል? ቤተሰቡስ ዕዳ የሚለውን ቃል ሲሰማ ምን ይወስናል? ዳኛ የሚጠብቀው ይህን ነው። ከ7 ደቂቃው 2 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ሞሽኑን በማስተዋወቅ አልቋል። ሐሙስ ብቻዬን ደግሜ ተናገርኩት፤ መግቢያው 30 ሰከንድ ወሰደ፣ የተረፈው ሁሉ ለማስረዳት ዋለ።

ገንዘብ ያዥ፦ ደወል 1,200 ብር ይላል። አምና ተገዝቷል እኮ። የት ገባ?

3ኛ ዓመት ኢኮኖሚክስ፦ ድጋሚው አልተዋጠልኝም። ውድድር ላይ ሞሽኑ ይነገርሃል፣ 15 ደቂቃ ተዘጋጅተህ ትገባለህ። የዓለም ዩኒቨርሲቲዎች ሻምፒዮና ማጣሪያው ብቻ 9 ራውንድ ነው፣ በየራውንዱ ሌላ ሞሽን። አንዱን ሸምድደን ምን ይረባናል?

4ኛ ዓመት ሕግ፦ ሽምደዳ አይደለም። በወረቀት ማንበብ የለም፣ የተቃራኒው ቡድንም አዲስ መልስ ይዞ ይመጣል። ሞሽኑ ይቀየራል፣ ያንተ ማስረዳት ያለመቻል ግን በ9ኙም ራውንድ አብሮህ ነው።

2ኛ ዓመት ምህንድስና፦ ደወሉ ያስፈልጋል። ባለፈው ሰዓት ያዡ በጠረጴዛ ሲያንኳኳ ማን ሰማው? 1ኛው ደቂቃ ላይ አንድ፣ 6ኛው ላይ አንድ፣ 7ኛው ላይ ሁለት መሆን አለበት። ፒኦአይ (ተቃራኒው ወገን በንግግር መሃል ተነስቶ የሚያቀርበው ጥያቄ) የሚቀርበው በ1ኛውና በ6ኛው መካከል ስለሆነ ያልሰማ ሰው በተከለከለ ሰዓት ይነሳል።

ገንዘብ ያዥ፦ ስልክ አለ። በነፃ ይደውላል።

2ኛ ዓመት ምህንድስና፦ ስልኩ እየቀረጸ ከሆነስ? በመሃል ሰው ይደውልልህና አየው።

ገንዘብ ያዥ፦ ጥያቄዬ አልተመለሰም። የአምናው ደወል የት ነው? ደረሰኙ እኔ ጋ አለ። የፈረመው የዝግጅት ክፍሉ ነው።

የቀድሞ ዝግጅት ክፍል፦ ወሰደች ለማለት ከሆነ በግልጽ ተናገር። ውድድሩ ያለቀ ቀን ከባነሩ ጋር በካርቶን አድርጌ አስረክቤያለሁ። ተረካቢውን ጠይቅ።

ገንዘብ ያዥ፦ የርክክብ ወረቀቱን አሳዪኝ።

የቀድሞ ዝግጅት ክፍል፦ በየትኛው ክበብ ነው ለደወል ርክክብ የሚፈረመው? ሁለት ዓመት ሙሉ በራሴ ታክሲ ተመላልሻለሁ፤ አንድ ቀን ሂሳብ ጠይቄያችሁ አውቃለሁ? ከዚህ ፕሮፖዛል ስሜን አውጡልኝ።

2ኛ ዓመት ምህንድስና፦ እኔ ደወሉ ይገዛ አልኩ እንጂ ሰው ይከሰስ አላልኩም።

3ኛ ዓመት ኢኮኖሚክስ፦ ዲን ቢሮ አምና የሰጠንን ዕቃ ከቆጠረ ደግሞ ገንዘብ ያዡ ልክ ነው። ጠፋ ብለን ሌላ ልንጠይቅ አንችልም።

የቀድሞ አባል፦ ልጆች፣ ተረጋጉ። አባቶቻችን በልሃ ልበልሃ ሲሉ በቅሎና ማር ተወራርደው ነው፣ በአንድ ቃል ስህተት ሙግት ይረቱ ነበር። ደወል የሚባል አልነበራቸውም። ተሟጋቹ ሌላው ያለውን አንድ በአንድ ይዞ ስለሚመልስ ነበር ሰው ቆሞ የሚሰማው። እናንተን በሁለት ውድድር ዳኝቻለሁ። ክሎዚንግ (በየወገኑ ሁለተኛ የሚናገረው ቡድን) ላይ ስትመደቡ ኦፐኒንጉ (በዚያው ወገን ቀድሞ የተናገረው ቡድን) ያለውን በሌላ ቃል ትደግሙታላችሁ፤ አዲስ ነገር ካላመጣችሁ ከአራቱ ቡድን አራተኛ ናችሁ፣ ዜሮ ነጥብ። የሕግ ተማሪው ያለው ይሠራበት። ደግሞም ዳኛ አምጡ፤ ከሥራ ወጥቶ በሁለት ታክሲ ለሚመጣ ሰው ትራንስፖርቱን ክፈሉለት።

4ኛ ዓመት ሕግ፦ አመሰግናለሁ ጋሼ። የምለው በትክክል ይህንን ነው።

የቀድሞ ዝግጅት ክፍል፦ ተናድጄ ነው የጻፍኩት። ስሜ ይቆይ። ካርቶኑ ግን በእውነት ተረክቧል።

ገንዘብ ያዥ፦ እኔም አነጋገሬ ከረረ። ይቅርታ እህቴ። ሂሳቡ ሲጠየቅ የምጠየቀው እኔ ስለሆንኩ ነው።

ጸሐፊ፦ የማክሰኞውን እቀርጻለሁ ያለው ልጅ የታለ? ሦስት ጊዜ ጻፍኩለት። መልስ የለም።

3ኛ ዓመት ኢኮኖሚክስ፦ ሚድ ፈተና አለበት መሰለኝ።

የቀድሞ አባል፦ አንድ ነገር ልጨምር። የአንደኛ ዓመቶች ውድድር በግቢያችን ብታዘጋጁ እኛ የቀድሞዎቹ ዋንጫውን እናወጣለን። በአንድ ክፍል አራት ቡድን ስምንት ሰው ነው፤ 16 ልጅ ካገኛችሁ ሁለት ክፍል ሞላ።

2ኛ ዓመት ምህንድስና፦ ይህ በጣም ጥሩ ነው! ዲን ቢሮም ውድድር ሲባል ቶሎ ይፈርማል። ሥልጠና ሲባል ያቆዩታል።

3ኛ ዓመት ኢኮኖሚክስ፦ እደግፋለሁ። አዲስ አባልም እናገኛለን።

ጸሐፊ፦ እሺ፣ አስተካክያለሁ። ርዕሱ «የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች የክርክር ውድድርና ሥልጠና» ሆኗል። ለባነርና ለሻይ ገንዘብ ስላስፈለገ ከዳኞች ትራንስፖርት ላይ ግማሹን ቀንሻለሁ። ደወሉ በ700 ብር ገብቷል።

4ኛ ዓመት ሕግ፦ ትራንስፖርቱን ቀነስሽው? ዳኛ ካልመጣ ፊድባክ ከየት ይመጣል? ፊድባክ ከሌለ ሐሙስ ምን ይዘን ነው የምንደግመው? አምና ያጣነው ባነር አልነበረም።

ጸሐፊ፦ ድጋሚው 4ኛ ገጽ ላይ አለ፣ «ተከታታይ ልምምድ» በሚለው ውስጥ። ጣሪያው 38,000 ነው፣ ከየት ላምጣ?

ገንዘብ ያዥ፦ ባነሩ ይቅር ብዬ ድምፅ እሰጣለሁ።

2ኛ ዓመት ምህንድስና፦ ያለ ባነር ውድድር አይሆንም።

ጸሐፊ፦ ነገ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ይታተማል። የሦስት ሰው ፊርማ ይጎድላል።

4ኛ ዓመት ሕግ፦ እፈርማለሁ፣ ግን የዳኞቹ መስመር እንዲመለስ ማሳሰቢያ ጽፌበት ነው። የወጣው ይውጣ፣ ሐሙስ 11 ሰዓት በተለመደው ክፍል እገኛለሁ። የወጪ መጋራቱን በተቃዋሚ ወገን የተናገራችሁ ሁለታችሁ ኑ፤ ቅጂያችሁ ስልኬ ላይ አለ። ጋሼ፣ የሐሙሱን ታክሲ እኔ እችላለሁ፤ ቢመቾት ይምጡልን።

የቀድሞ አባል፦ ከሥራ የምወጣው 11 ተኩል ነው። ጠብቁኝ።