የ19 ዓመቱ አጥቂ ይሸጥ ወይስ ይቆይ? የሀዋሳ ኳስ ወዳጆች ክርክር

አወያይ፦
ስም አንጠራም፤ ጉዳዩን ግን እንዲህ አድርገን እንያዘው። ከ14 ዓመቱ ጀምሮ በሀዋሳ ከተማ ታዳጊ ቡድን ያደገ፣ ዘንድሮ 19 የሞላው የመስመር አጥቂ አለ እንበል። ውሉ የፊታችን ሳይሆን የሚቀጥለው ሰኔ 30 ያልቃል። አንድ የአፍሪካ ክለብ 150,000 ዶላር ይዞ መጣ። ክለቡ ይሽጠው ወይስ ያቆየው? በስሜት ብቻ አትጻፉ፤ ቁጥርና ደንብ ይዛችሁ ኑ።

ታቦር፦
አይሸጥ። ሀዋሳ የሊጉን ዋንጫ ያነሳው በ1996 እና በ1999 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ ወዲህ ዋንጫው ወደዚህ ከተማ አልመጣም። ከስር ያፈራውን በየዓመቱ የሚበትን ቡድን ደግሞ ዋንጫ አያነሳም።

ከዋንጫው በላይ የሚያሳስበኝ ግን ልጁ ነው። የመስመር አጥቂ በ19 ዓመቱ ፍጥነትም ድፍረትም አለው። የሚጎድለው የመጨረሻው ውሳኔ ነው፤ ያቀብል፣ ይምታ ወይስ ኳሱን ይዞ ይቆይ? ይህ በልምምድ ብቻ አይመጣም፤ በየሳምንቱ 90 ደቂቃ መጫወት ይጠይቃል። ውጭ ሲሄድ የሚይዘው የውጭ ዜጋ ቦታ ነው። በደቡብ አፍሪካ ሊግ አንድ ክለብ የሚያስመዘግበው 5 የውጭ ተጫዋች ብቻ ነው። ከ5 ቦታ አንዱን የሰጠ አሰልጣኝ ነገ ጎል ይፈልጋል፤ 2 ዓመት ታግሶ አያሳድግም።

ጋቶች ፓኖም በ2009 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ቡና ወደ ሩሲያው አንዚ ማካችካላ ሄዶ በቂ የመጫወት ዕድል አላገኘም። አቡበከር ናስር በ2013 የውድድር ዘመን 29 ጎል አግብቶ በ2014 ወደ ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ወደ ደቡብ አፍሪካ ሲዛወር አገር ደስ አለው፤ ጉዳት እየደጋገመ ከሜዳ አራቀው። ሁለቱም ሲሄዱ በሊጋችን የበሰሉ ተጫዋቾች ነበሩ። 19 ዓመት የሞላውማ እንዴት ይሆናል?

አሞራ ገደል፦
ታቦር፣ ስለ ኳሱ ያልከው ያስማማል። ስለ ውሉ ግን አንድም ነገር አላልክም፤ የነገሩ ሁሉ መቋጠሪያ ደግሞ እሱ ነው። በፊፋ ደንብ አንድ ተጫዋች ውሉ ሊያልቅ 6 ወር ሲቀረው ከፈለገው ክለብ ጋር መፈራረም ይችላል። ውሉ ሰኔ 30 ካለቀ፣ ከጥር 1 ጀምሮ ልጁ ነጻ ነው ማለት ነው። ማንም ክለብ ጥር ላይ በነጻ የሚያስፈርመውን ልጅ ከዚያ በኋላ በ150,000 ዶላር አይገዛም። ስለዚህ «ይሸጥ ወይስ ይቆይ» የሚለው ጥያቄ ራሱ ጎደሎ ነው። ትክክለኛው ጥያቄ «አሁን ይሸጥ ወይስ በባዶ ይሂድ» ነው።

የአገራችን ክለቦች የ2 ዓመት ውል ማስፈረም ልማድ አድርገውታል። በሁለተኛው ዓመት መሸጫ ጊዜው አልፎ ያገኙታል።

አዳሬ፦
«በባዶ» የሚለውን ላስተካክል፤ ጨርሶ ባዶ አይደለም። ልጁ 23 ዓመት የሚሞላበት የፈረንጆች ዓመት ሳያልቅ ወደ ሌላ አገር ክለብ ከሄደ፣ ውሉ አልቆም ቢሆን የሥልጠና ካሳ፣ ማለትም አዲሱ ክለብ ላሳደገው ክለብ የሚከፍለው ገንዘብ፣ አለ። መጠኑ የሚወሰነው በገዢው ክለብ ምድብ ነው፤ ምድብ ማለት ክለቦች ለታዳጊ ሥልጠና በሚያወጡት ወጪ የሚመደቡበት ደረጃ ነው። በአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ሥር ላሉ ክለቦች በዓመት ሁለተኛ ምድብ 30,000፣ ሦስተኛ ምድብ 10,000፣ አራተኛ ምድብ 2,000 ዶላር ነው። ከ12 እስከ 15 ዓመት ያሉት የውድድር ዘመኖች ግን ገዢው ማንም ይሁን በአራተኛ ምድብ ይሰላሉ።

በእኛ ምሳሌ ልጁ ከ14 እስከ 18 ዓመቱ እዚህ ሠልጥኗል እንበል፤ 5 የውድድር ዘመን ነው።

ገዢው ሁለተኛ ምድብ ከሆነ 2 ጊዜ 2,000 እና 3 ጊዜ 30,000፣ ድምሩ 94,000 ዶላር። ሦስተኛ ምድብ ከሆነ 4,000 እና 30,000፣ ድምሩ 34,000። አራተኛ ምድብ ከሆነ ዜሮ፤ ወደ አራተኛ ምድብ ክለብ ሲዛወር የሥልጠና ካሳ የለም።

የመጀመሪያው ሥራ እንግዲህ የገዢውን ክለብ ምድብ ማወቅ ነው። ሁለተኛ ምድብ ከሆነና ልጁን በነጻ ብትለቀው እንኳ 94,000 የምታገኝ ከሆነ፣ 150,000 ዶላር ያን ያህል የሚያስጎመጅ ዋጋ አይደለም። በተለይ የሽያጩ ውል ላይ «ይህ ዋጋ የሥልጠና ካሳን ይጨምራል» የሚል መስመር ካለ። ይህች መስመር ብዙ ጊዜ ከመጨረሻዎቹ ገጾች አንዱ ላይ ነው የምትገኘው፤ ሳያነቡ የሚፈርሙ አሉ።

ታቦር፦
አዳሬ፣ አንተው ለእኔ ተከራከርክልኝ። ቢያቆዩትም 94,000 ካለ፣ ለምን አንድ ዓመት አይጫወትልንም?

አዳሬ፦
አንድ ቀዳዳ ስላለ። ልጁ ውሉን ጨርሶ መጀመሪያ ወደ አዲስ አበባ ክለብ ይፈርማል፤ እዚያ አንድ ዓመት ተጫውቶ ወደ ውጭ ይሄዳል። ያን ጊዜ የሥልጠና ካሳው የሚከፈለው ለመጨረሻው ክለብ ነው፤ ያውም እዚያ ላሳለፈው ጊዜ ብቻ። 5 ዓመት ያሳደገው የሀዋሳ ክለብ ከካሳው ምንም አይደርሰውም። የፊፋ የሥልጠና ካሳ በአንድ አገር ውስጥ በሚደረግ ዝውውር ላይ አይሠራም።

የሚቀረው ሶሊዳሪቲ የሚባለው ነው። ተጫዋች ውሉ ሳያልቅ ወደ ሌላ አገር በገንዘብ ሲሸጥ ከዋጋው 5 በመቶ ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ላሳደጉት ክለቦች ይከፋፈላል። ከ12 እስከ 15 ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 0.25 በመቶ፣ ከ16 እስከ 23 ላለው 0.5 በመቶ። የእኛ 5 ዓመት 2 በመቶ ይሆናል። ልጁ ኋላ በ1,000,000 ዶላር ቢሸጥ 20,000 ዶላር ማለት ነው። ውሉን ጨርሶ በነጻ ቢዛወር ደግሞ የሚከፋፈል ዋጋ ስለሌለ ሶሊዳሪቲም የለም።

ፒያሳ፦
ትልልቆቹም እዚሁ ጉዳይ ላይ ነው የሚከራከሩት። ማንቸስተር ሲቲ ኮል ፓልመርን በ2023 እ.ኤ.አ. በ40 ሚሊዮን ፓውንድና በ2.5 ሚሊዮን ተጨማሪ ለቼልሲ ሸጠ፤ ልጁ በመጀመሪያው ዓመት በፕሪምየር ሊጉ 22 ጎል አገባ። ያን ጊዜ ሲቲን ያልወቀሰ የለም። ሮሜዮ ላቪያን ግን ለሳውዝሃምፕተን ሲሸጥ ከቀጣዩ ሽያጭ 20 በመቶ ድርሻ ይዞ ነበር፤ ልጁ በዓመቱ ወደ ቼልሲ በ53 ሚሊዮን ፓውንድና ተጨማሪ ሲሄድ ሲቲ እንደገና ተከፈለው። ሻጩ አንድ ክለብ ነው፣ ሁለቱም ገና ልጆች ነበሩ። እኔ እንደሚገባኝ ልዩነቱ ወረቀቱ ላይ ያለው ነው፤ ይሸጥ። ነገር ግን ከቀጣይ ሽያጭ ድርሻ ሳይያዝ አይሸጥ።

መናኸሪያ፦
ልጆች፣ እኔ ደግሞ ከሜዳው በኩል ልምጣ። ታቦር «90 ደቂቃ ይጫወት» ይላል። ጥሩ፤ ግን እዚህ ስለቆየ ይጫወታል ያለው ማነው? ላለመውረድ የሚታገል ቡድን አሰልጣኝ በመጨረሻዎቹ 8 ጨዋታዎች ልምድ ያለውን ነው የሚያሰልፈው። ልጁ በ70ኛው ደቂቃ ይገባል፣ ቡድኑ እየተመራ ስለሆነ ረጅም ኳስ ይጣልበታል፣ ከዚያ «አልበሰለም» ይባላል። እንዲህ አድርጎ ማቆየት ማሳደግ አይደለም።

ለማቆየት የወሰነ ቦርድ ሦስት ነገር ማሟላት አለበት። ውሉ ዛሬ ይራዘም፤ 18 የሞላው ተጫዋች እስከ 5 ዓመት መፈረም ይችላል፤ ከ18 በታች ያለው ነው ከ3 ዓመት በላይ የማይፈቀድለት። ደመወዙ ከዋናው ቡድን ቋሚ ተሰላፊ ጋር ይቀራረብ፤ በታዳጊ ደመወዝ 3 ዓመት ፈርም ማለት ልጁን ወደ ወኪል መግፋት ነው። በዋናው ቡድን ቦታ ከሌለው ደግሞ ለግማሽ ዓመት በውሰት ከፕሪምየር ሊጉ በታች ወዳለው ከፍተኛ ሊግ ይውረድና ሳምንት ሳያልፈው ይጫወት። ሦስቱን ማድረግ ካልተቻለ ቶሎ ይሸጥ።

የሀዋሳው ሽመልስ በቀለ በግብፅ ሊግ ለዓመታት የቆየው ሰውነቱ ግዙፍ ስለነበረ አይደለም። ኳስ ከመቀበሉ በፊት ዙሪያውን ያይ ነበር። ገዢም መጀመሪያ የሚፈልገው እሱን ነው።

ታቦር፦
ጋሼ መናኸሪያ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ ገንዘቡስ የት ይገባል? የከተማ ክለብ በከተማ አስተዳደር በጀት ነው የሚተዳደረው። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል። በግንቦት የገባ 150,000 ዶላር በብር ተመንዝሮ የዋናው ቡድን ውዝፍ ደመወዝና የፊርማ ክፍያ ሆኖ ያልቃል። ታዳጊ ቡድኑ ኳስም፣ ጫማም፣ አሰልጣኝም አይጨመርለትም። በሚቀጥለው ዓመት 29 ዓመት የሆነው አጥቂ ከሌላ ክለብ ይመጣል። ደጋፊው የሚናደደው በሽያጩ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ከሽያጩ በኋላ ከስር የሚተካ ባለመኖሩ ነው።

አዳሬ፦
ይህ ጠንካራ ነጥብ ነው። መፍትሔው ግን ልጁን ማሰር አይመስለኝም። ቦርዱ ከሽያጩ በፊት በቃለ ጉባኤ ይወስን፤ ከገቢው ይህን ያህል በመቶ ለታዳጊ ቡድን በተለየ የባንክ ሒሳብ ይግባ፣ ያለ ቦርዱ ፊርማ አይንቀሳቀስ። ገንዘቡ ከገባ በኋላ የሚደረግ ክርክር ዋጋ የለውም።

የሐይቅ ዳሯ፦
ሁላችሁም ገንዘቡ ይደርሳል ብላችሁ ነው የምታሰሉት። በእኛ አገር ገንዘቡ ብዙ ጊዜ የሚቀረው በወረቀት ነው።

ከኅዳር 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሥልጠና ካሳና ሶሊዳሪቲ የሚከፈለው በፊፋ የክፍያ ማዕከል በኩል ነው። ማዕከሉ የሚያምነው የተጫዋቹን ኤሌክትሮኒክ ፓስፖርት ነው፤ ልጁ በየትኛው ዓመት በየትኛው ክለብ ተመዝግቦ እንደነበር የሚያሳይ መዝገብ ማለት ነው። ልጁ በ14 ዓመቱ በታዳጊ ቡድን ቢሠለጥንም ፌዴሬሽን ዘንድ የተመዘገበው በ17 ዓመቱ ከሆነ፣ 3ቱ ዓመት በመዝገቡ ላይ የሉም። አዳሬ ያሰላው 94,000 ወዲያው ይወርዳል።

ሌላው የልደት ቀን ነው። ኅዳር 1998 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ በፈረንጆች 2005 ነው። ጸሐፊው በደፈናው 8 ጨምሮ 2006 ይጽፋል። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ነው የሚጨመረው። የልደት ካርዱ 2006፣ የጉዞ ፓስፖርቱ 2005 ሲል ገዢው ክለብ ስለ ዕድሜ ይጠራጠራል፤ አንዴ ከተጠራጠረ ዋጋ ይቀንሳል ወይ ይተወዋል። ስሙም እንዲሁ፤ በላቲን ፊደል በክለቡ መታወቂያ አንድ ዓይነት፣ በፓስፖርት ሌላ፣ የአያት ስም አንዱ ላይ ብቻ። ታዳጊው ሲመዘገብ በፓስፖርቱ አጻጻፍ ይመዝገብ፤ ፓስፖርት ከሌለው ይውጣለት።

በዚህ አጋጣሚ ሴቶቹን አትርሱ። የፊፋ የሥልጠና ካሳ በሴቶች እግር ኳስ ላይ አይሠራም። ሎዛ አበራ በ2019 እ.ኤ.አ. ወደ ማልታው ቢርኪርካራ ስትሄድ ያሳደጓት ክለቦች በዚህ ደንብ የሚጠይቁት ካሳ አልነበረም። ለልጃገረዶቹ መከላከያው ረጅምና ጥሩ ክፍያ ያለው ውል ብቻ ነው፤ ስለ እነሱ ግን ሲነገር አልሰማም።

አሞራ ገደል፦
ትክክል ብለሻል። ወረቀቱ ተሟልቶ ሽያጩ ቢፈጸም ደግሞ ስለ አከፋፈሉ ልጨምር። 150,000 በ3 ጊዜ ይከፈል ከተባለ፣ የመጀመሪያው ክፍያ ሒሳብ ውስጥ ሳይገባ ልጁ አይለቀቅ። ከተለቀቀ በኋላ በእጅህ የሚቀር ማስገደጃ የለም፤ ለፊፋ መክሰስ ብቻ ነው። ክፍያው ከ30 ቀን በላይ ከዘገየ፣ በጽሑፍ ቢያንስ የ10 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥተህ መክሰስ ትችላለህ፤ ክለቡ ተጫዋች እንዳያስመዘግብ እስከ መታገድ ይደርሳል። ውሉ በዶላር ይጻፍ፤ የብር ምንዛሪ ከሐምሌ 2016 ወዲህ በገበያ ስለሚወሰን በብር የተጻፈ ዋጋ እስኪከፈል ይቀልጣል።

ፒያሳ፦
ከቀጣይ ሽያጭ የሚያዘው ድርሻ 20 በመቶ ይሁን።

አዳሬ፦
ከምን 20 በመቶ? ከጠቅላላ ዋጋው ወይስ ከትርፉ? በ150,000 የሄደው ልጅ በ1,000,000 ቢሸጥ፣ ከጠቅላላው 200,000፣ ከትርፉ 170,000 ዶላር ነው። ውሉ ላይ «ከቀጣይ ሽያጭ 20 በመቶ» ብቻ ከተጻፈ ገዢው በትርፉ ይተረጉመዋል። ወኪል ወይም ሌላ ሰው ደግሞ «ግማሹን ድርሻ ለእኔ» ቢል ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተከለከለ ነው፤ ክለቡ ራሱ ይቀጣል።

መናኸሪያ፦
ድርሻው ብቻውን አይበቃም። ልጁ እዚያ ውሉን ጨርሶ በነጻ ቢለቅ 20 በመቶው የምን 20 በመቶ ይሆናል? በጨዋታ ቁጥር የሚከፈልም ይግባበት፤ 10 ጨዋታ ሲሞላ ይህን ያህል፣ 25 ሲሞላ ይህን ያህል። እንዲህ ያለ ውል ለልጁም ይጠቅማል። ገዢው በቁጥሩ ላይ ከተከራከረ ሊያሰልፈው አስቦ ነው፤ ዝም ብሎ ከፈረመ ግን ላያሰልፈው ይችላልና ጠይቁ።

ታቦር፦
እኔ አሁንም አይሸጥ ነው የምለው፤ ቢያንስ በዋናው ቡድን አንድ ሙሉ የውድድር ዘመን ሳይጫወት። ግን ጋሼ ያሉትን ሦስት ነገር እቀበላለሁ፤ ከሦስቱ ደግሞ ውሉን ማራዘሙ ይቅደም። ገዢው አሁን መልስ እየጠበቀ ነው፣ ልጁም ገና ክለቡን ይሰማል።

አሞራ ገደል፦
በዚህ እንስማማ። ቦርዱ በዚህ ወር 3 ዓመት ያቅርብለት፤ ከነመልቀቂያ ዋጋው፣ በዶላር። ከፈረመ ያንተ ይሁን፣ ይጫወት። አልፈርምም ካለ ግን 150,000ው ከጥር በፊት ይወሰድ፤ አዳሬ ያነሳት «የሥልጠና ካሳን ይጨምራል» የምትለው መስመር ከውሉ ወጥታ።

የሐይቅ ዳሯ፦
በዚያው ወር ክለቡ የሁሉንም ታዳጊዎች መዝገብ ከፌዴሬሽኑ ጋር ያመሳክር። ከዚህኛው ልጅ ኋላ 15 እና 16 ዓመት የሆናቸው አሉ፤ ሴቶችም ወንዶችም።