የቀበናው የቅጠላ ቅጠል መደብ አፈር፦ የጋራ ዕቅድ ውይይት (አምራቾቹ በመደብ ቁጥራቸው ተጠርተዋል)

ጸሐፊ፦ ረቂቁ ይኸው፤ ርዕሱ «ጨዋማ አፈር ማሻሻያ»። ዓላማው አንድ ነው፤ ከላስቲክ ቤቱ ሥር ያለውን አፈር ጨው ማጠብ። ከመዋጮው ለምርመራና ለማፍሰሻ ቦይ ይውጣ። እስከ ዓርብ ተናገሩ።

መደብ 7፦ የበሶብላዬ ቅጠል ጫፉ ተቃጥሏል። ድንብላል ሁለቴ ዘራሁ፣ አልበቀለም። አፈሩ ላይ ነጭ ነጭ ነገር ወጥቷል። ውሃ እያጠጣሁት ይጠወልጋል!

መደብ 3፦ ጨው ሲበዛ ሥሩ ውሃውን መሳብ ያቅተዋል። እርጥብ አፈር ውስጥ ሆኖ ይጠማል። ውጭ ያሉትን መደቦች የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ ያጥባቸዋል። እኛ ከላይ ላስቲክ አለበስን፣ የዶሮ ኩስና ዩሪያ ደራረብን፣ የጉድጓድ ውሃ አጠጣን። ውሃው ይተናል፣ ጨው ይቀራል። እስኪታጠብ ሮዝመሪ ትከይ፤ ከበሶብላ ይሻላል።

ገንዘብ ያዥ፦ ርዕሱ ላይ «ጨዋማ» የሚለው ይውጣ። ወረቀቱ ወረዳ ይገባል፣ ደንበኛ ይሰማል።

መደብ 3፦ ቅጠሉ እኮ አይደለም፣ አፈሩ ነው!

መደብ 12፦ ገንዘብ ያዧ ልክ ናት። አምና «በቆሻሻው ወንዝ ውሃ ነው የሚያጠጡት» ተብሎ ስንት እንደከሰርን ረሳችሁት?

ጸሐፊ፦ «የአፈር ጤና» ብንለውስ?

ገንዘብ ያዥ፦ ጤና ካልን ወደ ጤና ቢሮ ይመልሱናል።

መደብ 12፦ «የአፈር ልማት» ይባል።

መደብ 7፦ እሱ የቀድሞው ዕቅድ ርዕስ ነው። ውድቅ የተደረገው።

መደብ 3፦ ለርዕስ ሁለት ቀን! መደቤ እየሞተ ነው። መዋጮዬን መልሱልኝ።

ገንዘብ ያዥ፦ አይመለስም። ደንቡ ላይ ፈርመሃል።

መደብ 3፦ ትናንት ተናድጄ ነው፣ እትዬ፣ ይቅርታ። ብቻ ረቂቁ ላይ ጂፕሰም (አፈር ላይ የሚበተን ማሻሻያ ማዕድን) የሚል መስመር አይቻለሁ። እሱ የሚረዳው ሶዲየም የበዛበትን አፈር ነው። ሳይመረመር አትግዙ። ውሃው መውጫ ከሌለው ደግሞ ማጠብ የሚባል ነገር የለም። አፋር፣ አሚባራ ላይ የጥጥ እርሻውን ጨው የበላው በመስኖ ብዛት የከርሰ ምድሩ ውሃ ከፍ ብሎ ነው።

ጸሐፊ፦ ጂፕሰሙ ወጥቷል። የጨው መለኪያ አመጣለሁ ያለው መደብ 9 የት ገባ? ስልክ አያነሳም።

መደብ 12፦ እንግዲያው የምርመራው ብር ለታፔላ ይዙር። መንገድ ዳር «ንጹሕ ቅጠላ ቅጠል» ተብሎ ይጻፍ።

ገንዘብ ያዥ፦ እደግፋለሁ።

መደብ 7፦ አፈሩስ?

ጸሐፊ፦ ርዕሱ «የቅጠላ ቅጠል ምርትና ሽያጭ ማሻሻያ» ሆኗል። አንቀጽ 1 ታፔላ። ቦዩ አንቀጽ 4 ላይ አለ፣ በጀት የለውም። ዶማ ያለው ቅዳሜ ጠዋት 2 ሰዓት ይምጣ።

መደብ 3፦ ዶማ አለኝ። ከመደብ 7 እንጀምራለን።