ማርቆስ ላይ ሱቅ፦ አደባባዩ ወይስ ዩኒቨርሲቲው መንገድ?

ጠያቂ፦ ሰላም ወገኖች። ደብረ ማርቆስ የሴት ልብስና ጫማ ልከፍት ነው። ሁለት ቤት አየሁ። አንዱ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት አደባባይ አጠገብ፣ በወር 14,000 ብር፣ የስድስት ወር ቅድሚያ። ሌላው ወደ ዩኒቨርሲቲው መሄጃ፣ 7,000 ብር። ባለቤቴ አደባባዩን ይላል። እኔን ኪራዩ አስፈራኝ።

የመንቆረር ልጅ፦ እህቴ፣ እኔ ስጀምር የባሕር ዳሩ አስፋልት ዳር ተከራየሁ። መኪናው ብዙ ነው ብዬ። ለካ መኪና ያልፋል እንጂ አይገዛም! በስምንት ወር ውስጥ ዘጋሁ። አሁን ገበያ መግቢያ ላይ ጠባብ ቤት አለችኝ። ክረምት ጭቃው አያስገባም፣ ግን ከገጠር የመጣ ሁሉ በእኔ በር ነው የሚያልፈው። አንድ የገበያ ቀን፣ አንድ ተራ ቀን፣ ፊት ለፊት ቡና እየጠጣሽ ሰው ቁጠሪ። አላፊውን ሳይሆን ፌስታል የያዘውን።

ጫማ ሻጩ፦ ተማሪ ክረምት ላይ ይበተናል። ኪራዩ ግን ሐምሌንም ነሐሴንም አይምርም። ውሉን በጽሑፍ አድርጊው፣ አከራይ ሱቅሽ ሲደምቅ ነው ዋጋ የሚጨምረው።

ጠያቂ፦ ወይኔ፣ ክረምቱን ጭራሽ አላሰብኩትም! በሉ በገበያ ቀን ቆጥሬ እነግራችኋለሁ።