የ7 ወር ልጄን በደሴ ብርድ ምን ላልብሳት? እጅ ፈትል ጥጥ ወይስ የሱቅ ሹራብ

የሐናን እናት (ደሴ)
ሰላም እናቶች እንዴት ናችሁ። ልጄ 7 ወሯ ነው ሆጤ አካባቢ ነን፣ ብርዱን ታውቁታላችሁ በተለይ ማታ ማታ። ከሱቅ የገዛሁላት ያ ፀጉራም ለስላሳ ቱታ አለ አይደል፣ እሱን ስትለብስ አንገቷ ስርና ክርኗ እጥፋት ላይ ቀያይ ሽፍታ ይወጣባታል፣ ስገልጣት ጀርባዋ በላብ ርሶ አገኘዋለሁ፣ ሳወልቅላት ደግሞ ወዲያው ትበርዳለች ግራ ገባኝ። አማቴ ይሄን አይተው እኛ ልጅ ያሳደግነው በጥጥ ነው ብለው ራሳቸው የፈተሉትን ለሸማኔ ሊሰጡላት ነው፣ እህታቸው ደግሞ ከበግ ፀጉር ሹራብ ልስራላት ይላሉ። ጎረቤቶቼ ሸማማ ይሳሳል ህፃኗን ብርድ ልታስመቻት ነው እያሉ ያስፈራሩኛል። እውነት ቆዳ ላይ ለውጥ አለው ወይስ እንዲሁ የአያት ፍቅር ነው? ደግሞ በሁለት ወር ያጥራታል፣ ያዋጣል?

ቦርከና ዳር (ኮምቦልቻ)
አብሽሪ እህቴ የብዙ ልጅ ችግር ነው። እኛ ጋ ሞቅ ስለሚል የኔ ልጅ ቤት ውስጥ ስስ ጥጥ ብቻ ነው የሚለብሰው፣ ደሴ አያቱ ጋ ስንሄድ የሐረጎን ዳገት ስንወጣ ነው ላዩ ላይ የምደርብለት። የላቡ ነገር ግን እውነት ነው ጥጥ ይጠጣዋል ያኛው ቆዳዋ ላይ ያስቀረዋል። እና ሱቅ ውስጥ ኮተን ነው ስላሉሽ አትመኚ፣ ከውስጥ ስፌቱ ትንሽ ክር ምዘዢና ልጅ በሌለበት አቃጥይው። ጥጥ ከሆነ እንደ ወረቀት ሸቶ ይነድና አመዱ በጣት ሲነካ ይበናል፣ ፕላስቲክ ክር ከሆነ ግን ይቀልጥና ጥቁር ጠጣር ጠብታ ይሆናል፣ ፀጉር ፀጉር ከሸተተሽ ሱፍ ነው።

ኪሮሽ ሠሪዋ (ደሴ)
ከዚሁ ሥራ ነው የምበላው ግን እውነቱን ልናገር፣ በእጅ የተሠራ ሁሉ ጥጥ አይደለም! ለህፃን ብለው የሚያሠሩት ባለቀለም ሹራብ ክሩ አብዛኛው አክሪሊክ የሚሉት ፕላስቲክ ክር ነው፣ በኪሮሽም ሠራሁት በማሽን ያው ነው ያልባል። የእጅ ሥራ ጥቅሙ ሌላ ነው፣ እንደ ልጅሽ አድርገሽ ታዥያለሽ። አንገቱ ሰፋ ብሎ ትከሻ ላይ የሚገጥም፣ ስፌቱ ወደ ውጭ የዞረ፣ ደረቱ ላይ ቁልፍ የሌለው (7 ወር ማለት ያገኘችውን አፏ የምትከትበት ነው)፣ አንገት ላይ የሚታሰር ክር ፈጽሞ አይኑረው። ያጥራታል ላልሽው ደግሞ እጅጌውንና እግሩን ወደ ውስጥ ብዙ አጥፎ ማሰፋት ነው፣ ስታድግ ተርትረሽ ታወርጂዋለሽ፣ ይሄን የሱቅ ልብስ አይሰጥሽም። ሸማው ሳይቆረጥ በፊት አንዴ በሞቀ ውሃ ይታጠብ፣ አለበለዚያ ከተሰፋ በኋላ ይገባና ለአሻንጉሊት ይሆናል ሃሃ። ጥለት ሲባልም ተጠንቀቂ፣ ያ የሚያብለጨልጨው ክር ጥጥ አይደለም አንገቷን ይቧጭራታል።

የሸማኔ ልጅ
አባቴ ሸማኔ ነው እኔ ደግሞ ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ቴክስታይል ነው የተማርኩት ስለዚህ ከሁለቱም ወገን ላውራ። ጥጥ ከአየሩ ብቻ የክብደቱን 8 ፐርሰንት ገደማ እርጥበት ይይዛል፣ ሱፍ 16 አካባቢ፣ ፖሊስተር የሚባለው ፕላስቲክ ክር ግን 1 ፐርሰንት እንኳ አይሞላም፣ ላቡ ቆዳዋ ላይ የቀረው ለዛ ነው። ይሳሳል ለሚሉሽ፣ ብርድ የሚከለክለው ክሩ ውስጥና በድርቡ መሃል የሚታሰረው አየር ነው። እናቶቻችን ባዘቶውን በእንዝርት ሲፈትሉት እንደ ፋብሪካ ክር አይጠብቅም፣ ለማግ ሲገባ ለስለስ ብሎ አየር ይይዛል። አሁን አሁን ድሩ የፋብሪካ ክር ማጉ ብቻ እጅ ፈትል የሆነ ብዙ ነው፣ እሱም ጥጥ እስከሆነ ድረስ ለልጅ ምንም አይል፣ ብቻ ሸማኔውን ድሩ ምንድነው ብለሽ ጠይቂ። ጋቢ የሚሞቀው ስለተደረበ ነው አይደል? ለሷም አንድ ወፍራም ከሚሆን ሁለት ስስ ይሻላል፣ ቀን ሲሞቅ አንዱን ታወልቂላታለሽ። የበግ ፀጉሩን በተመለከተ የኛ ደጋ በግ ፀጉር ሻካራ ነው፣ ለባና (ለሱፍ ብርድ ልብስ) እና ለምንጣፍ ተወዳዳሪ የለውም ግን የክሩ ውፍረት ከ30 ማይክሮን (የሚሊሜትር ሺኛ) በላይ የሆነ ሱፍ ቆዳ ይወጋል፣ ፈረንጅ ለህፃን የሚያለብሰው ሜሪኖ የሚባለው የበግ ሱፍ ከ20 በታች ነው። የአማትሽን እህት ሹራብ አትመልሺ ያስቀይማል፣ ከጥጡ በላይ ብቻ ይሁን።

ነርስ ነኝ
ሁሉም የተባለው ልክ ነው፣ ትንሽ ልጨምር። ሙቀቷን በእጇ አትለኪ የህፃን እጅ ብዙ ጊዜ ይቀዘቅዛል፣ ማጅራቷን ወይ ደረቷን ዳብሺ። ጥጥም እንከን አለው፣ ከራሰ አያሞቅም ቶሎም አይደርቅም፣ በክረምት ቢያንስ ለመቀየሪያ የሚሆን ያስፈልግሻል። ቶሎ እሳት ይይዛል ደግሞ፣ ቀሚስ ነገር አልብሰሽ መዳህ ስትጀምር ከሰል ምድጃ አጠገብ እንዳታደርሻት (ከሰሉ ራሱ በተዘጋ ቤት ውስጥ መርዝ ነው እሱን ሁሌም እላለሁ)። ስትተኛ ጋቢውን ፊቷ ድረስ አትሸፍኑ፣ ልብሷ ላይ ልብስ ደርቡላት እንጂ። ዱቄት ሳሙና ከሆነ የምታጥቢው ደጋግመሽ አለቅልቂው። ሽፍታው ልብስ ቀይረሽም ካልጠፋ፣ ደረቅ ሆኖ ካሳከካት ወይ ውሃ ካወጣ ችፌ ሊሆን ይችላል፣ ቅባት ከሱቅ ከመግዛትሽ በፊት ጤና ጣቢያ ውሰጃት።

የሐናን እናት (ደሴ)
አላህ ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ቱታውን አሁን ክሩን መዝዤ አቃጠልኩት፣ ቀልጦ ጥቁር ድንጋይ ሆነ ወላሂ፣ ፊት ለፊቱ ላይ ኮተን የሚል ተጽፎበታል እኮ!! አማቴን ጥለቱ ይቅር ብላቸው ያለ ጥለት የድሃ ልብስ ነው አሉኝ፣ ምን ልበላቸው?

ኪሮሽ ሠሪዋ (ደሴ)
ታች ጠርዙ ላይ በቀለም ጥጥ ያሠሩት፣ ቆዳዋን አይነካም እሳቸውም ደስ ይላቸዋል። ጥጥ ካነሳቸው ሰኞ ገበያ ይሂዱ ራሳቸው ይምረጡት።