ባብጉያሽ፦ ሥጋው በስሎ ቦሎቄው እምቢ አለኝ

ሰላም ለሁላችሁ። የሃንጋሪውን የቦሎቄና የሥጋ ወጥ፣ ባብጉያሽን፣ አዲስ አበባ ላይ እየሠራሁ ተቸግሬያለሁ። ሥጋው ሊፈራርስ ሲደርስ የቦሎቄው ውስጥ ገና ደረቅ ነው።

የምጠቀመው 300 ግራም ዥንጉርጉር ቦሎቄ (ሌሊቱን የተዘፈዘፈ)፣ 600 ግራም የበሬ ቅልጥም ሥጋ፣ 2 ትልልቅ ሽንኩርት፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ጣፋጭ ፓፕሪካ (የማያቃጥል ቀይ የቃሪያ ዱቄት)፣ 1 የሻይ ማንኪያ ካራዌይ (ከሙን መሰል ቅመም)፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ካሮት፣ 1 ቲማቲምና 1 ቃሪያ ነው። ሽንኩርቱ በስብ ይለሰልሳል፤ ድስቱን ከእሳት አውርጄ ፓፕሪካውን እጨምራለሁ። እሳት ላይ ከገባ ስኳሩ ያርና ይመራል፤ እንደ በርበሬያችን ረጅም ቁሌት አይችልም። ወዲያው ሥጋውና ውሃው፣ ከዚያ ቦሎቄው፣ ቲማቲሙና ቃሪያው አንድ ላይ። ተቆንጥሮ የሚጣለው ሊጥ መጨረሻ ላይ ይገባል፣ እሱ ችግር የለበትም።

የምጠረጥረው ሁለት ነገር ነው፦ የቲማቲሙ አሲድ ቦሎቄው እንዳይለሰልስ መያዙና ከፍታው። እዚህ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ውሃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ የቡዳፔስት የማብሰያ ሰዓት እዚህ አይሠራም። ቦሎቄው አርጅቶ እንዳይሆን ከሌላ ሱቅም ገዝቼ ነበር፤ ለውጥ የለም።

ቦሎቄውን ለብቻው በፕሬዠር ኩከር ባስቀድም፣ ሳይፈርስ ስንት ደቂቃ ይበቃዋል? መረቁን የሚያወፍረው የተቀቀለበት ውሃ ስለሆነ መድፋት አልፈልግም። ቦሎቄውን ለማለስለስ ሩብ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ብጨምርስ ጣዕሙን ያበላሻል? ቲማቲሙን ቦሎቄው ከበሰለ በኋላ የምትጨምሩ ካላችሁ፣ ጥሬ ጥሬ እንዳይል ስንት ደቂቃ ታንተከትኩታላችሁ?