ክርክር፦ የድሬዳዋ ምግብ በብሔረሰብ ቀለም ይለይ ወይስ በሳህኑ?

አወያይ፦ በግራፊክስ ሙያ የሚሠራ አንድ አባላችን በድሬዳዋ ከዚራና መጋላ ሰፈሮች ላሉ ምግብ ቤቶች የሚሆን የሰሌዳና የካርታ ንድፍ አቅርቦልናል። በንድፉ መሠረት የኦሮሞ ምግብ በአንድ ቀለም፣ የሶማሌው በሌላ፣ የሐረሪው፣ የአማራው፣ የጉራጌውና የየመኑም በየራሳቸው ቀለምና ጌጥ ተለይተው ይታያሉ፤ ለከተማዋ አዲስ የሆነ እንግዳም ካርታውን ይዞ ቀለሙን እየተከተለ ይሄዳል። ለክርክር የቀረበው ጥያቄ ይህ አሠራር የድሬዳዋን የምግብ ባህል ያስተዋውቃል ወይስ ያዛባዋል የሚል ነው። ከጉዳዩ እንዳንወጣ አደራ።

ንድፍ አቅራቢው፦ መነሻዬ አንድ ቀላል ትዝብት ነው። ዛሬ በከተማችን ያሉ ብዙ ምግብ ቤቶች በራቸው ላይ የሚሰቅሉት ከኢንተርኔት የወረደ የበርገርና የፒዛ ሥዕል ስለሆነ፣ ውስጥ ገብቶ ያልጠየቀ እንግዳ ሑልበት መረቅ (የአብሽ አረፋ ያለበት የሐረሪ መረቅ) ወይም ላሆህ (እንጀራ መሰል የሶማሌ ቂጣ) መኖሩን እንኳ ሳያውቅ ይመለሳል። በሰሌዳ ላይ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማልኛ ብንጽፍም እነዚህን ቋንቋዎች ለማያነብ ሰው ጽሑፉ ጌጥ ብቻ ነው፤ ቀለም ግን ከመንገዱ ማዶ ይታያል። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው ቆጠራ ከከተማ አስተዳደሩ ሕዝብ 46 በመቶ ያህሉ ኦሮሞ፣ 24 በመቶ ያህሉ ሶማሌ፣ 20 በመቶ ያህሉ ደግሞ አማራ ነበር፤ ጉራጌው፣ ሐረሪውና ሌላውም አብሮ አለ። ይህን ሁሉ ያቀፈች ከተማ ብዝኃነቷን በግድግዳዋ ብታሳይ ምን ነውር አለው?

የከዚራ ልጅ፦ ነውሩ ብዝኃነቷን ማሳየቱ ላይ ሳይሆን የተሳሳተ ብዝኃነት ማሳየቱ ላይ ነው። ይህች ከተማ የተቆረቆረችው ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ1902 ከጅቡቲ ተነሥቶ እዚህ ሲደርስ ነው፤ ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ስለሆነ ለዓመታት የመንገዱ ማብቂያ እኛው ነበርን። ግሪኩም፣ አርመኑም፣ ሕንዱም፣ የመኑም ከአካባቢው ሕዝብ ጋር በአንዲት ከተማ ኖሯል። እናቴ አማራ ናት፤ ጠዋት ጠዋት ግን የምታበላን ከሶማሌ ጎረቤታችን የተማረችውን ላሆህ ነበር፤ የራሷን ንጥር ቅቤ ቀብታ፣ ስኳር ነስንሳ፣ ከሻይ ጋር ታቀርብልናለች። እስቲ የእናቴን ቁርስ በየትኛው ቀለም ትቀቡታላችሁ? ደግሞስ ለብሔረሰብ ቀለም እንስጥ ስንል ቀለሙን ከየት ልናመጣው ነው? ከባንዲራ መሆኑ አይቀርም፤ የባንዲራ ቀለም ምግብ ቤት በር ላይ ሲሰቀል ደግሞ ምን እንደሚያስከትል ሁላችንም እናውቃለን፣ እዚህ አልዘረዝረውም።

የሥዕል መምህርት፦ እኔ ከሁለታችሁም ጋር በከፊል እስማማለሁ። ንድፍ አቅራቢው ቀለም ይሥራ ማለቱ ትክክል ነው፤ የሳተው ቀለሙን ከሰው ላይ ለመውሰድ መፈለጉ ነው። ቀለሙ ሳህኑ ላይ አለ። አማርኛችን ራሱ ወጡን የሚለየው «ቀይ ወጥ» እና «አልጫ» እያለ ነው፤ ጤፉን ነጭ፣ ቀይ፣ ሠርገኛ እያለ ነው። ተማሪዎቼን ቀፊራ ገበያ ወስጄ የቅመም ተራውን በውኃ ቀለም እንዲሥሉ ያደረግሁ ጊዜ፣ መጀመሪያ ሁሉም በርበሬውን ደማቅ ቀይ ቀቡት። ጠጋ ብላችሁ እዩት ስላቸው አንዷ ተማሪ ጣቷን ዱቄቱ ላይ ነክታ ወረቀቷ ጠርዝ ላይ ጫረችው፤ ወደ ቡናማ የሚያደላ፣ ዘይት ያለው ቀይ ሆኖ ተገኘ። እርዱ ከቢጫ ይልቅ ወደ ብርቱካን ይጠጋል። ተመትቶ አረፋ የሠራው አብሽ መልኩ ቅቤ የመሰለ ፈዛዛ ነው፤ ሑልበት መረቅ መልኩን ያገኘውም ከዚያ ነው። ክትፎ በጣባ ሲቀርብ ቀዩ ሥጋ፣ ነጩ አይብና አረንጓዴው ጎመን በራሳቸው የተሟላ ንድፍ ናቸው፣ ማንም ሊያሻሽላቸው አይችልም። ሰሌዳው ከእነዚህ ቢቀዳ፣ እንግዳው በር ላይ ያየውን ቀለም ሳህኑ ላይ መልሶ ያገኘዋል። ጌጡን ከፈለጋችሁም ሐረር ቅርባችን ነው፤ እዚያ የግድግዳ ስፌቶቹና የተደረደሩት ሳህኖች ምግብና ጌጥ መቼም ተለያይተው እንደማያውቁ ያሳያሉ።

የማተሚያ ቤት ባለሙያ፦ ስለ ጥበቡ እናንተ ታውቃላችሁ፤ እኔ ስለ ባነሩ ልናገር። በርካሽ ቀለም የታተመ ሰሌዳ የድሬን ፀሐይ ሲመታው አስቀድመው የሚለቁት ቀዩና ቢጫው ናቸው፤ ሰማያዊውና ጥቁሩ ይቆያሉ። በቀይ የጀመረ ሰሌዳ ሐምራዊ መስሎ ይከርምና ደብዝዞ ይቀራል። ስለዚህ ብሔረሰቦችን በቀለም ከለያችኋቸው ጥቂት ዓመት ሳይሞላ ሁላችንም አንድ ዓይነት ሰማያዊ እንሆናለን (ለአንድነት ይጠቅም ይሆናል)። በብሩሽ የተቀባ የዘይት ቀለም ይሻላል፣ ዋጋው ግን ሌላ ነው። ቀይና አረንጓዴን መለየት የማይችሉ ሰዎች እንዳሉም አትርሱ፤ ከቀለሙ ጋር ቅርጽ ከሌለ ለእነሱ ካርታው ባዶ ነው።

ንድፍ አቅራቢው፦ የመምህርቷን ሐሳብ ከሞላ ጎደል እቀበላለሁ፣ የቅርጹንም ጉዳይ አርማለሁ። አንድ ነገር ግን አልለቅም። «ሁሉም ተቀላቅሏል» የሚለው አባባል ደስ ቢልም፣ ብዙኃኑ ትንሹን ማኅበረሰብ የሚውጠው በዚሁ ስም ነው። ከቡና ቅጠል የሚፈላውን ቁጢ ስሙን ሳትጽፉ «የአካባቢ ሻይ» ብላችሁ ካቀረባችሁት፣ ያቆየው የሐረርጌ ገበሬ ከታሪኩ ወጣ ማለት ነው።

የከዚራ ልጅ፦ ስሙማ ይጻፍ! በባለቤቱ ቋንቋ፣ በባለቤቱ አጠራር ይጻፍ፤ ሑልበት ሑልበት ይባል እንጂ «የአብሽ ሾርባ» አይባል። ስም የመጣበትን ይናገራል፣ በሩን ግን አይዘጋም። በቀለም የታጠረ ካርታ ግን «ይህ መንገድ የእገሌ ነው» ይላል።

የቀፊራዋ ባለ ምግብ ቤት፦ ልጆቼ፣ ደንበኛ በር ላይ ቆሞ የሚጠይቀኝን ማናችሁም አላነሣችሁትም። «የማን ባህል ነው?» ብሎ የጠየቀኝ የለም። «ሥጋው የክርስቲያን ነው የሙስሊም? የጾም አለ?» ይሉኛል። ሥጋ ቤቱ መስቀል ወይም ጨረቃ የሚሰቅለው ለዚህ ነው፤ ይህ ንድፍ እናንተ ሳትወለዱም ነበር። እኔ ሳምቡሳ በሁለት ትሪ እሸጣለሁ፣ አንዱ የምስር፣ አንዱ የሥጋ። አንድ ዓርብ ልጄ ትሪዎቹን አቀያይሮ አስቀምጧቸው፣ አንዲት ጿሚ እናት የሥጋውን ገምሰው በድንጋጤ በእጃቸው ይዘው ቀሩ፤ እስከ ዛሬ ሳስታውሰው አፍራለሁ። ከዚያ ወዲህ የምስሩን ጫፍ በሹካ እጫነዋለሁ፣ ጥርስ የመሰለ ምልክት ይወጣበታል፤ ማንበብ የማይችልም ያውቀዋል። ቀለም ከፈለጋችሁ ለዚህ አድርጉልኝ። ምስሩን፣ ሽሮውን፣ በዘይት የተሠራውን ፉል ሙስሊሙም ጿሚውም እኩል ይበላዋል፤ ሁሉም የሚቀመጥበት ማዕድ የትኛው እንደሆነ የሚያሳይ ምልክት የለንም።

የሥዕል መምህርት፦ እትዬ ያሉት ሌላ አገርም ተሠርቶበታል። በሕንድ የታሸገ ምግብ ላይ ሥጋ አልባው በአረንጓዴ ምልክት እንዲለይ ሕግ ያስገድዳል። ማን እንደሠራው ሳይሆን ውስጡ ምን እንዳለ ነው የሚናገረው።

አወያይ፦ እንግዲያው ንድፉ በሦስት ነገር ተሻሽሎ ይምጣ፦ ቀለሙ ከምግቡ ይቀዳ፣ ስሙ በባለቤቱ ቋንቋ ይጻፍ፣ የጾምና የሥጋ ምልክቱ ቅርጽም ይኑረው። እትዬ፣ ሙከራውን ከእርስዎ ቤት ብንጀምር ይፈቅዳሉ?

የቀፊራዋ ባለ ምግብ ቤት፦ ሰሌዳውን ስቀሉ፣ በሩን ግን እንዳትነኩብኝ። ሰው ሁሉ «አረንጓዴ በር» እያለ ነው የሚቀጣጠረው፤ ባለ ባጃጁም በዚሁ ነው የሚያውቀኝ። በሩን ከቀባችሁት የሚመጣልኝ እንግዳ የለም።