ከኮምቦልቻ በሐረጎ ደሴ፣ ከደሴ ሐይቅ፦ በቀጭን ጎማ ብስክሌት ይቻላል?

ቦርከና_ማዶ

ሰላም ለዚህ ቤት። ያለሁት ኮምቦልቻ ነው። ጥቅምት ላይ፣ ዝናቡ ካባራ በኋላ፣ ደን የሚታይበትና ውሃ ዳር የሚያደርስ መንገድ አንድ ቀን ሙሉ መንዳት አስቤያለሁ። ያቀድኩት ከኮምቦልቻ በሐረጎ ዳገት ደሴ፣ ከዚያ በቦሩ ሜዳ አድርጎ ሐይቅ ከተማ፣ ማታ መልስ ነው። ብስክሌቷ የእሽቅድምድም ናት። የፊት ጥርሷ 53 እና 39፣ የኋላው ትልቁ 25 ነው። ጎማዋ 25 ሚሊ ሜትር፣ ፍሬኗ ቸርኬውን የሚነክሰው ዓይነት። ክብደቴ 73 ኪሎ። በዚህ ማርሽ ሐረጎ ይወጣል ወይ? ስመለስ ቁልቁለቱን ፍሬኑ ይችለዋል? ዬጎፍ ደን ውስጥስ በብስክሌት መግባት ይቻላል?

ጦሳ_ግርጌ

መጀመሪያ ሒሳቡን እንሥራ። ኮምቦልቻ–ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ደሴ–ሐይቅ ወደ 30። ደርሶ መልሱ 110 ነው። ርቀቱ ለለመደ ሰው ምንም አይደለም፤ ነገሩ ያለው ከፍታው ላይ ነው። ኮምቦልቻ 1850 ሜትር አካባቢ፣ ደሴ 2500 አካባቢ ላይ ናቸው፤ ሐይቅ ከደሴ በ500 ሜትር ግድም ይወርዳል። ስለዚህ 650 ወጥተህ፣ 500 ወርደህ፣ ያንኑ 500 መልሰህ ትወጣዋለህ። በየመሃሉ ያለውን ጉብታ ሳንቆጥር 1150 ሜትር ዳገት ማለት ነው። ሰው ሁሉ የሚፈራው ሐረጎን ነው፤ የሚጥለው ግን ከሐይቅ ወደ ደሴ የሚመልሰው ነው። 55 ኪሎ ሜትር ከነዳህና ምሳ ከበላህ በኋላ፣ በቀትር ፀሐይ የምትጀምረው ዳገት ነዋ!

ሐረጎን ከአማካዩ አትገምተው። 650ን ለ25 ኪሎ ሜትር ብታካፍለው 3 በመቶ አይሞላም፤ ግን አማካይ ማለት ለጥ ያለውንና ቀጥ ያለውን አንድ ላይ መደባለቅ ነው። ጠመዝማዛው ላይ ኩርባ በውስጥ በኩል ሲያዝ ዳገቱ ከውጭው ይልቅ ይበረታል። እኛ ደግሞ ቀኛችንን ይዘን ስለምንነዳ ወደ ቀኝ የሚታጠፈው ኩርባ ሁሉ የሚደርሰን በዚያ በኩል ነው። ከኋላ መኪና ከሌለ ግማሽ ሜትር ወደ ውጭ ከፈት አድርገህ ግባ፣ እግርህ ያመሰግንሃል።

ማርሹን በቁጥር ላሳይህ። 39 በ25 (ከፊት 39፣ ከኋላ 25 ጥርስ) ፔዳሉ አንዴ ሲዞር 3.3 ሜትር ገደማ ይወስድሃል። አንተና ብስክሌቷ 85 ኪሎ ብትሆኑና ሳትታክት 180 ዋት ብትገፋ፣ 5 በመቶ ዳገት ላይ በሰዓት 13 ኪሎ ሜትር ተኩል ትሄዳለህ፤ እግርህ በደቂቃ 68 ጊዜ ይዞራል፣ ይህ ደህና ነው። 8 በመቶ የሆነ ቁራጭ ሲገጥምህ ግን ፍጥነትህ ወደ 9 ይወርድና እግርህ 46 ላይ ይቀራል። ያ መንዳት አይደለም፣ ጉልበት መፍጨት ነው። አጭር ከሆነ ከኮርቻው ተነስተህ ታልፈዋለህ፤ ከረዘመ ጉልበትህና ወገብህ ማታ ይነግሩሃል። ባጭሩ፣ ሐረጎ በ39 በ25 ይወጣል። ከሐይቅ መልስ ግን አልመክርህም።

ፍሬን_ሸራ

ስለ መውጣቱ ጦሳ_ግርጌ ጨርሶታል። እኔ ስለ መውረዱ ልናገር፣ አደጋውም ያለው እዚያ ነው።

85 ኪሎ ከ600 ሜትር ከፍታ ሲወርድ 500 ኪሎጁል ገደማ ኃይል አንድ ቦታ መሄድ አለበት። በፍጥነት ከወረድክ አብዛኛውን ነፋስ ይወስደዋል። ፈርተህ ፍሬኑን እንደያዝክ ቀስ ብለህ ከወረድክ ግን ነፋስ የሚወስደው ትንሽ ነው፤ የቀረው ሁሉ ቸርኬህ ላይ ሙቀት ይሆናል። ስለዚህ ካላማዳሪያ ቁልቁለት ላይ የሚፈነዳበት ብዙውን ጊዜ የፈጠነው ሳይሆን የፈራው ነው። አያያዙ እንዲህ ነው፦ ኩርባ በሌለበት ላይ ልቀቀው፤ ኩርባው ሳይደርስ፣ ብስክሌቷ ገና ቀጥ እንዳለች፣ የፊትና የኋላውን ለሁለት ሦስት ሰከንድ ጠንከር አድርገህ ያዝ፤ ከዚያ ለቅቀህ ታጠፍ። እየታጠፍክ የፊት ፍሬን አትያዝ። እጅህ ከታችኛው የመሪ ቅስት ላይ ይሁን፣ ከላይ ሆነህ በሁለት ጣት የምታገኘው ጉልበት ግማሹ ነው።

ከመውጣትህ በፊት ይህን እይ፦

– የፍሬን ጎማው ላይ ያሉት መስመሮች ከጠፉ ቀይረው። ካልጠፉም አውጥተህ ፊቱን ተመልከት፤ የተቀበረ ጠጠርና የብረት ቅንጣት ካለ በመርፌ ንቀል። ቸርኬ የሚበላው እሱ ነው።
– ቸርኬው ጎን ላይ ጣትህን አሳልፍ። ወደ ውስጥ ከጎደጎደ ብረቱ ሳስቷል፣ በጎማ ግፊትና በሙቀት ሊሰነጠቅ ይችላል። በእሱ ሐረጎን አትውረድ።
– የፍሬን ሽቦው መያዣው ውስጥ ከሚገባበት ጫፍ አንድ ክር እንኳ ተበጥሶ ካየህ ዛሬውኑ ቀይር። እዚያ ነው የሚቆረጠው፣ ደግሞ ሁልጊዜ አጥብቀህ ስትይዘው ነው።
– ቸርኬህ ካርቦን ከሆነ ይህን መንገድ በአሉሚኒየም ሂድ። ክርክር አልገባም።

ጎማ፦ ባለ 25 በ73 ኪሎ ከፊት 85 ከኋላ 95 ፒኤስአይ ይበቃል። ጎሚስታው 120 ሞልቶ “አሁን ደረቀልህ” ቢልህ አትስማው፤ በተጠገነ አስፋልት ላይ ጎማው ይዘላል፣ የሚዘል ጎማ ደግሞ ፍሬን አይቀበልም። ፎርኩ (የፊት ጎማውን የያዘው ሹካ) 28 የሚያስገባ ከሆነ 28 አድርግና ወደ 70 እና 80 አውርደው። ጥቅምት ጠዋት የደሴ በኩል ጉምና ጤዛ ሊኖር ይችላል፤ እርጥብ ቸርኬ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ዙሮች አይነክስም፣ ስለዚህ ቀደም ብለህ ነካ ነካ አድርገህ አድርቀው። በባሕር ዛፍ ሥር የወደቀ እርጥብ ቅጠልና ቅርፊትም ያንሸራትታል።

ሐይቅ_ዳር

ስለ ሰዓቱና ስለ መኪናው። ኮምቦልቻ የኢንዱስትሪ ከተማ ናት፣ ደረቅ ወደብም አላት፤ ተሳቢው ከሚሌ በባቲ በኩል ይገባል፣ ሐረጎን ደግሞ ሲኖትራኩም አይሱዙውም ሚኒባሱም ይጋራዋል። ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ተነስተህ 3 ሰዓት ሳይሞላ ደሴ ብትገባ ብዙውን ግርግር ታመልጣለህ። ከዚያ በፊት አትውጣ፤ ብርሃን የለም፣ ጅብም ገና ወደ ጉድጓዱ አልገባም። ዳገት ላይ የሚያዘግም ከባድ መኪና ኋላ ተጣብቀህ አትንዳ፤ ጭሱ አንድ ነገር ነው፣ ማርሽ ሲቀይር ወደ ኋላ ሸርተት ሊል መቻሉ ሌላ። ኩርባ ላይ አስፋልቱ በከባድ ጭነት ተገፍቶ ሸንተረር ይሠራል፤ ስትወጣ አይታወቅህም፣ ስትወርድ ግን መሪህን ይነጥቅሃል። ስለዚህ ስትወጣ የትኛው ኩርባ እንደተበላሸ ልብ እያልክ ሂድ፣ ማታ በእሱ ትወርዳለህ።

ዬጎፍ፦ በቀጭን ጎማ የለም። ጽዱና ወይራው ያለበት ተራራ ነው፣ ውስጥ ያለው አፈርና ድንጋይ ነው። ከአስፋልቱ ሆነህ እየው፤ መግባት ካማረህ 40 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ጎማ ባለው ብስክሌት ሌላ ቀን፣ የደን ጠባቂዎቹን ጠይቀህ።

ሐይቅ ከተማ ደርሰህ ከዋናው አስፋልት ወደ ውሃው ስትወርድም ለአፈርና ለድንጋይ ተዘጋጅ፤ ወርዶ መግፋት ነውር የለበትም። እስጢፋኖስ ገዳም ድረስ መሄድ ካሰብክ ቁምጣህ ላይ ሱሪ ደርብ። እህቶች አብረውህ ካሉ ደግሞ የወንዶቹ ገዳም ሴት እንደማያስገባ ቀድመው ይወቁት።

ለምግብ ጄል ምናምን አትፈልግ። በሶ በስኳር በጥብጠህ በአንዱ ኮዳ ያዝ፣ በሌላው ንጹሕ ውሃ። በሰዓት ግማሽ ሊትር ያህል ጠጣ፣ ፀሐዩ ከበረታ ጨምር። ሐይቅ ላይ አሣ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ጥብሱን ከበላህ ቢያንስ አንድ ሰዓት ሳትቀመጥ ዳገቱን አትጀምር።

የእኔ ምክር ግን ዕቅዱን ቁረጠው የሚል ነው። ኮምቦልቻ–ደሴ–ሐይቅ ንዳ፣ ከሐይቅ ደሴ በሚኒባስ ተመለስ፣ ከደሴ ሐረጎን በብስክሌት ውረድ። 80 ኪሎ ሜትር ነው፣ መልካም መልካሙንም አላጣህም። ጣሪያ ላይ ስታስጭን ማርሹ ያለበት ጎን ወደ ላይ ይሁን። ገመዱ በፍሬሙና በኮርቻው ቱቦ ይለፍ፣ በቸርኬና በቸርኬው ሽቦዎች በፍጹም አይለፍ፣ ረዳቱ ሲጎትተው ይጣመማል። ቁልቁለቱን ደግሞ ከ10 ሰዓት ተኩል በፊት ጀምር፤ ከዚያ በኋላ ከብትና በግ ወደ ቤት ይነዳል፣ መንገዱም የእነሱ ነው።

ወደ ታች ማየት ከፈለግህ ኮምቦልቻ–ሐርቡ–ከሚሴ ወደ 50 ኪሎ ሜትር ነው፣ ከቦርከና ጋር ይወርዳል። መልሱ ቀስ ያለ ዳገት ነው፣ ግን ይሞቃል። ባቲም 40 ገደማ ነች፤ እሑድ ከሰዓትና ሰኞ ተዋት፣ ሰኞ ገበያ ስለሆነ ግመሉም ከብቱም መንገድ ላይ ነው። የትኛውንም ብትመርጥ ማታውኑ መናኸሪያ ሄደህ ሹፌሮችን መንገዱ እንዴት እንደሆነ ጠይቅ።

ቦርከና_ማዶ

እግዜር ይስጥልኝ፣ የተቆረጠውን ዕቅድ ወስጃለሁ። አንድ ጥያቄ ቀረኝ፦ የኋላውን ከ25 ወደ 28 ብቀይረው ይጠቅማል? ወይስ የፊቱን ከ39 ወደ 34 ልለውጠው?

ጦሳ_ግርጌ

የፊቱን ተወው። 53 እና 39 ያለው ክራንክ (ፔዳሉና የፊት ጥርሶቹ የሚታሰሩበት ክንድ) አብዛኛውን ጊዜ ብሎኖቹ የሚያርፉበት ክብ 130 ሚሊ ሜትር ነው፤ በእሱ ላይ ከ38 በታች ጥርስ አይገባም። 34 ለማስገባት ክራንኩን በሙሉ መለወጥ ይጠይቃል።

28 ግን ይሠራል። በዚያው 5 በመቶ ላይ እግርህን ከ68 ወደ 77 ያወጣዋል፣ 8 በመቶ ላይ ከ46 ወደ 51። ተአምር አይደለም፣ ግን ይሰማሃል። አጭር ክንድ ያለው የኋላ ማርሽ መቀየሪያ ብዙውን ጊዜ 28 ድረስ ይሸከማል፤ የላይኛዋ ትንሽ ጎማ ትልቁን ጥርስ ከነካች ከኋላዋ ያለችውን ማስተካከያ ቪቴ አጥብቃት፣ ትርቅልሃለች።

ፍሬን_ሸራ

ካቴናውን ሳትለካ ግን አትግጠም። 12 ሙሉ መገጣጠሚያ አዲስ ሲሆን 304.8 ሚሊ ሜትር ነው፤ 306.5 ካለፈ አዲሱ ጥርስ ላይ ይዘላል፣ የሚዘለውም ዳገት ላይ ቆመህ ስትረግጥ ነው። አብረህ ቀይር። ርዝመቱንም እንዲህ አረጋግጥ፦ 53 ከፊት 28 ከኋላ አድርገህ፣ የኋላው ክንድ ወደ ፊት ተስቦ ግን ትንሽ መታጠፊያ ይቅርለት። ፍጹም ቀጥ ካለ አጥሯል፤ በስህተት እዚያ ማርሽ ላይ ከገባህ ክንዱን ገንጥሎ የቸርኬው ሽቦዎች ውስጥ ይከትልሃል። ከቀየርክ በኋላ ወደ ሐረጎ ከመሄድህ በፊት ሜዳው ላይ፣ ኮምቦልቻ ውስጥ፣ ሁሉንም ማርሽ እየረገጥክ ፈትሽ።